30 ዲግሪ፤ ከየት ተነስቶ?

በዚህ ቻናል ስለ በጀት፣ ስለ ምንዛሪና ስለ ሹም ሽር ስጽፍ ነው የምታውቁኝ። ዛሬ ስለ አንድ የተበሳ ፒስተን ልጽፍ ነው። ፒስተኑ የቮልስዋገን ነው፤ ቮልሷ ደግሞ የውድድር መኪና ናት። በዚህ ፒስተን ሰበብ አንድ ወጣት መካኒክ ከሥራው ወጥቷል፤ የወር ደመወዙም ተይዞበታል። የሞተር ወሬ የማይጥማችሁ ለልጁ ስትሉ ታገሡኝ።

መኪናዋ የወዳጄ ናት። ወዳጄ በሥራ ቀናት ሕንፃ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ቮልሷን ይሠራል። "በስንቱ መኪና መሃል ቮልስ ለምን?" ለሚለው ሰው ሁሉ መልሱ ዝግጁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957 እና በ1962 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ያሸነፈችው ይህችው ጥንዚዛ መሳይ መኪና ናት፤ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንጋኒካ ጭቃና አቧራ ውስጥ፣ ከእሷ የበለጠ ጉልበት ያላቸውን መኪኖች ጥላ። እኛ አገር ቮልስ ሲባል ቀድሞ ትዝ የሚለው ግን ሌላ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ቮልስ ነበረች። ይህን ባነሳሁበት ቁጥር ወዳጄ ይቆጣል። "መኪናዋ ምን አደረገች?" ይለኛል። ይህን አባባሉን ያዙልኝ።

እኔ በዚህ ቡድን ውስጥ መካኒክ አይደለሁም። ሥራዬ ደብተር መያዝ ነው። ምን ተቀየረ፣ መቼ ተቀየረ፣ ዘይቱ ስንት ደረሰ፣ ካንዴላው ምን ዓይነት ቀለም አወጣ፣ ታይሚንጉ ስንት ላይ ታሰረ፤ ይህን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቁብኝ ነበር። አሁን አይስቁም።

ታሪኩ አጭር ነው። ሞተሩ 1600 ሲሲ ነው፤ ሁለት ካርቡራተር አለው፤ ዲስትሪቢውተሩ ቮልስ ወዳዶች "ዜሮ ዜሮ ዘጠኝ" የሚሉት የቦሽ ምርት ነው። ይህ ዲስትሪቢውተር ቫኩም የለውም። እሳቱን የሚያስቀድመው በሞተሩ ፍጥነት ብቻ ነው፤ ውስጡ ያሉት ትንንሽ ክብደቶች ሲሽከረከሩ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ ሲከፈቱ እሳቱን ያስቀድማሉ። ነዳጁ እስከ መጨረሻው እየተረገጠ ለሚነዳ የውድድር መኪና ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ቮልሷ ተፈትልካ ትሄድ ነበር። ከዚያ ቆላ ወረድን። ውድድሩ የነበረበት ቦታ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ የቆላ ሙቀት ነው። ጥቂት ዙር ሄዳ ድምጿ ተለወጠ፤ ሰማያዊ ጭስ ተከተላት፤ ቆመች። ሞተሩ ሲወርድ የሦስተኛው ሲሊንደር ፒስተን አናቱ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኘ። የቀዳዳው ጠርዝ ቀልጦ እንደ ሰም ተንጠባጥቧል።

ታይሚንጉን ያሰረው ልጁ ነበር። ወዳጄ ፒስተኑን በእጁ ይዞ "አንተ ነህ ያቃጠልከው" አለው። ልጁ "ጋሼ፣ 30 ላይ ነው ያሰርኩት። መብራቱ ይመስክር፣ ደብተሩም አለ" ብሎ መለሰ። ደብተሬ በእርግጥ 30 ይላል። ለዚህ ዓይነት ሞተር ከ28 እስከ 32 ዲግሪ በሚለው ልክ ውስጥ ነው። እኔም "ቁጥሩ ልክ ከሆነ ምኑ ነው የልጁ ጥፋት? መጀመሪያ ይጣራ" አልኩ። ወዳጄ ፒስተኑን አፍንጫዬ ድረስ አምጥቶ "ከዚህ በላይ ምን ማጣራት አለ?" አለኝ። ሰኞ ልጁ እንዳይመጣ ተነገረው። የወሩ ደመወዝ ለመለዋወጫ ይሁን ተባለ።

እዚህ ላይ ታይሚንግ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም።

ሲሊንደር ውስጥ የገባው ቤንዚንና አየር ካንዴላው እሳት በሰጠበት ቅጽበት ሁሉም በአንዴ አይነድም። እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ ዳር እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጡን ይዛ ከቀረበች በኋላ ምጣዱን አትለኩስም፤ ቀደም ብላ ትለኩሳለች። ሞተርም እንዲሁ ነው። ፒስተኑ ድብልቁን እየጨመቀ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጫፍ ሳይደርስ እሳቱ ይለኮሳል፤ ግፊቱ ጣሪያ የሚነካው ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር እንዲሆን፣ ማለትም ከጫፉ በኋላ ከ12 እስከ 16 ዲግሪ ባለው ውስጥ እንዲያርፍ ነው የሚፈለገው። "30 ዲግሪ" ማለት እንግዲህ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ከመድረሱ 30 ዲግሪ ቀድሞ እሳት መስጠት ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞር አንድ ዲግሪ የሚወስደው ጊዜ 28 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ነው። በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚለይ ነገር አይደለም።

እሳቱ ከዘገየ ጉልበት ይጠፋል፤ ነበልባሉ ሥራውን ሳይጨርስ በማርሚታው በኩል ይወጣል፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ይቀላል። ይህ ጉዳት ቢሆንም የሚታይ ጉዳት ነው። የከፋው መቅደሙ ነው። ግፊቱ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ይጠብቀዋል። ሙቀቱና ግፊቱ አብረው ሲያይሉ፣ ነበልባሉ ያልደረሰበት ጥጉ ላይ ያለው ድብልቅ ተራውን ሳይጠብቅ በራሱ ይፈነዳል። ሞተር "ያንኳኳል" የሚባለው ያኔ ነው። በቤት መኪና ዳገት ላይ እንደ ጠጠር የሚንቃጨለው ድምፅ ይሰማችኋል፤ እግራችሁን ታነሳላችሁ፤ ይተርፋል። የውድድር መኪና ግን ማርሚታዋ ክፍት ነው፣ ነጂው ቆብ ደፍቷል፣ እግር የሚያነሳም የለም። ሞተሩ ቢያንኳኳም የሚሰማ ሰው የለም። አልሙኒየሙ ይቀልጣል።

ስለዚህ የወዳጄ ጥርጣሬ መሠረት አልነበረውም ማለት አልችልም። የተቃጠለው ፒስተን ወደ ታይሚንግ ይጠቁማል። ችግሩ ከጥቆማው ቀጥሎ ያለው እርምጃ ነው። "ታይሚንግ ነው" ከሚለው ወደ "ታይሚንግ ያሰረው ሰው ነው" ለመሻገር አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም።

ሞተሩን እንዲያዩት የተጠሩት ጡረታ የወጡ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ወንበር ላይ ተቀምጠው ሻይ ጠጡ፤ የወዳጄን ክስ እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ ከዚያ አራቱንም ካንዴላ በተርታ አምጡልኝ አሉ። የሦስተኛው ካንዴላ ነጭ ሸክላው ላይ የአልሙኒየም ነጠብጣብ ነበረው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ጋሼ ግን መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ዝቅ አድርገው የቀሩትን ሦስቱን ነበር የሚያዩት። እዚያም ላይ በጣም ደቃቅ፣ እንደ በርበሬ ብናኝ የሆነ ጥቁርና ብርማ ነጥብ አለ።

"አራቱም ታመዋል" አሉ። "የሞተው አንዱ ነው እንጂ።"

ይህች አረፍተ ነገር ግማሹን ጥያቄ ዘጋች። ቮልስ ላይ አንድና ሁለት ሲሊንደር በአንድ ወገን፣ ሦስትና አራት በሌላው ወገን ናቸው፤ በዚህ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ወገን የራሱ ካርቡራተር አለው። ችግሩ ካርቡራተር ቢሆን አንድ ወገን ታሞ ሌላው ጤነኛ ይሆን ነበር። አራቱም ከታመሙ ምክንያቱ አራቱን የሚያገናኝ ነገር መሆን አለበት። ሦስተኛው ቀድሞ የሞተበት ምክንያት ደግሞ አዲስ አይደለም። በድሮዎቹ ቮልሶች የዘይት ማቀዝቀዣው ለሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን ነፋስ ስለሚከልል እሱ ሁልጊዜ ከወንድሞቹ ይበልጥ ይግላል። ፋብሪካው ራሱ ይህን አውቆ በአንዳንድ ዲስትሪቢውተሮች ላይ የሦስተኛውን እሳት በጥቂት ዲግሪ ያዘገይ ነበር። ደካማው መጀመሪያ ወደቀ እንጂ ለብቻው አልተበደለም።

ቀጥለው ዲስትሪቢውተሩን ፈቱ። የፑንቲናው ክፍተት ተለካ፤ 0.4 ሚሊ ሜትር፣ ልክ ነው። ይህን የሚለኩት ለወጉ አይደለም። የፑንቲና ክፍተት ሲለወጥ ታይሚንግም አብሮ ይለወጣል፤ ሲሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። ብዙ ሰው ታይሚንግ አስሮ ከጨረሰ በኋላ ፑንቲና ያስተካክላል፤ ያሰረውን መልሶ ፈታው ማለት ነው። ዘንጉ ይወዛወዝ እንደሆነ በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉ፤ አይወዛወዝም። ክብደቶቹ ሳይነክሱ ይከፈታሉ፣ ምንጮቹም ይመልሷቸዋል። የካንዴላ ገመዶቹ ቅደም ተከተል ትክክል ነው፤ 1፣ 4፣ 3፣ 2። የታይሚንግ መብራቱ ራሱ ሊዋሽ ይችላል ብለው ሌላ መብራት አስመጡ፤ ዲስትሪቢውተሩን መልሰው ሲያስሩበት ያገለግላል አሉና ከጎን አስቀመጡት። እስካሁን ልጁ ላይ የሚጠቁም አንድም ነገር የለም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ደብተርህ ምን ይላል?"

ደብተሩ ሁለት ነገር ይል ነበር። አንደኛ፣ ላለፉት ሳምንታት ሞተሩ ከጋለ በኋላ ሲነሳ ሞተሪኖው ይታገላል፤ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ያኔ ባትሪው ደክሟል ተብሎ አዲስ ባትሪ ተገዝቶ ነበር። ሁለተኛ፣ የዘይቱ ሙቀት በተመሳሳይ መንገድ ከ100 ወደ 115 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ወጥቷል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሻያቸውን አስቀመጡ። ሲግል ሞተሪኖ የሚታገለው እሳቱ እጅግ ሲቀድም ነው፤ ሞተሪኖው ፒስተኑን ወደ ላይ ሲገፋ እሳቱ ወደ ታች ይመልሰዋል። "ይህ ከመጀመሩ በፊት ምን ተቀየረ?" ብለው ጠየቁ። ወደ ኋላ ገለጥኩ። አንድ መስመር ብቻ አለች፤ "ፑሌጃ ተቀየረ።"

ፑሌጃው ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰረው፣ ቺንጋውን የሚያዞረው ጎማ ነው። ታይሚንግ የሚነበበውም በእሱ ላይ ነው። ጠርዙ ላይ ትንሽ ምልክት ተቆርጦበታል፤ ምልክቱ የሞተሩ ሁለት ግማሽ አካላት ከሚገናኙበት ስፌት ትይዩ ሲመጣ ይታያል። የቀድሞው ፑሌጃ ጠርዙ ላይ ዲግሪው ሁሉ ተጽፎበት ነበር። ሲሰነጠቅ ወዳጄ ራሱ አንድ ደህና ያገለገለ የፋብሪካ ፑሌጃ ገዝቶ፣ ራሱ ገጠመው። ልጁ በዚያ ሳምንት ለሐዘን ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር። ሲመለስ ያገኘው ፑሌጃ አንድ ምልክት ብቻ ያለው ነው። ምልክቱ የላይኛውን ጫፍ እንደሚያሳይ የነገረውም ወዳጄ ነው። ልጁ መብራቱን 30 ላይ አድርጎ፣ ምልክቱን ከስፌቱ ጋር አገናኝቶ አሰረ። እንደ ታዘዘው።

ጋሼ የሠሩትን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ መሣሪያው ከአንድ አሮጌ ካንዴላ የተሠራ ነውና ማንም ሊያደርገው ይችላል። የካንዴላውን ሸክላ ሰብረው ካወጡት ቆይተዋል፤ በምትኩ ጫፉ በሞረድ የተድበለበለ ብሎን ገብቶበታል። የአንደኛው ሲሊንደር ወገን ቴስታታ ገና አልተፈታም ነበር። የዚህን ሲሊንደር ካንዴላ አውጥተው ይህን አሰሩበት። ከዚያ ሞተሩን በእጅ፣ ቀስ ብለው፣ ፒስተኑ ብሎኑን እስኪነካ አዞሩ። ሲቆም ከስፌቱ ትይዩ ፑሌጃው ላይ በነጭ ቀለም መስመር አደረጉ። አሁን ወደ ኋላ አዞሩ፤ ፒስተኑ ዞሮ በሌላ በኩል ብሎኑን ነካ፤ ሁለተኛ መስመር። የፒስተኑ ትክክለኛ የላይኛ ጫፍ የሁለቱ መስመሮች እኩሌታ ነው። ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ የለም። ለምን ቢባል፣ ፒስተኑን የሚጠይቀው ራሱን ነው፤ ስለ ፒስተኑ ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት የቆረጠውን ምልክት አይጠይቅም።

እኩሌታው ከምልክቱ ጋር አልገጠመም። በመካከላቸው 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ አለ። የፑሌጃው ስፋት 17 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፤ በዙሪያው ላይ አንድ ዲግሪ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። አካፍሉት፤ 7.5 ዲግሪ።

7.5 የቮልስን መጽሐፍ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ቁጥር አይደለም። ፋብሪካው በየዘመኑ ፑሌጃዎችን ሲያመርት አንዳንዱ ላይ አንድ፣ አንዳንዱ ላይ ሁለት፣ አንዳንዱ ላይ ሦስት ምልክት ቆርጧል። አንዱ ምልክት የላይኛውን ጫፍ ያሳያል፤ ሌላው ከጫፉ 7.5 ዲግሪ በፊት፣ ሌላው 10 ዲግሪ በፊት ነው። ምን እንደሆኑ ግን አጠገባቸው አልተጻፈም። የወዳጄ ፑሌጃ ላይ ያለው ምልክት እንከን የለበትም። ለአንድ ተራ የቤት ቮልስ "እሳቱን እዚህ ላይ ስጥ" ብሎ የሚያዝ ምልክት ነው። እኛ ያነበብነው "ፒስተኑ ጫፍ የደረሰው እዚህ ነው" ብለን ነው። መብራቱ 30 ሲል እውነተኛው 37.5 ነበር።

"ታዲያ አዲስ አበባ ላይ ለምን አልተቃጠለም?" አለ ወዳጄ። ይህችን ጥያቄ ያነሳት ልጁን ለማስጠየቅ ነበር፤ መልሱ ግን የቀረውንም አፈረሰበት።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲሠራ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር በዚያው ልክ ስስ ነው። ስስ ድብልቅ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ሲጨመቅም የሚደርስበት ግፊት ዝቅ ያለ ነው። በዚህ የተነሳ ሞተሩ ቀደም ያለ እሳት ይፈልጋል፣ ትንሽ ቢበዛበትም ይሸከማል። የአዲስ አበባ መካኒኮች ታይሚንግን ከመጽሐፉ ጥቂት ዲግሪ የሚያስቀድሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙዎቹ ምክንያቱን ባያብራሩም ልማዱ ትክክል ነው። ስለዚህ 37.5 እዚህ ከልክ በላይ ቢሆንም ሞተሩ ቻለው። ይህ መቻሉ ነው ያታለለን። ወደ 1000 ሜትር ሲወረድ የአየሩ ግፊት ከአዲስ አበባው ከ15 በመቶ በላይ ይጨምራል። ሲሊንደሩ ይሞላል፣ ግፊቱ ያይላል፣ ከማደያ የተቀዳው ቤንዚን ያው ነው፣ የቆላው ሙቀትም ተጨመረበት። ከፍታው ሸፍኖልን የነበረውን ስሕተት ቆላው አወጣው። ያለ ከፍታ ብንኖር ኖሮ ይህ ሞተር የመጀመሪያው ቀን ላይ ያንኳኳ ነበር፤ ልጁም አይከሰስም ነበር።

ለእኛ ይህ ነገር ሊከብደን አይገባም። ከውጭ የመጣ እንግዳ "በሦስት ሰዓት እንገናኝ" ካላችሁት ስድስት ሰዓት የሚያህል ልዩነት በመካከላችሁ እንዳለ ታውቃላችሁ። ሰዓቱ አልተበላሸም፤ ቆጠራው የተነሳበት ቦታ ይለያያል። "በ2010" ሲባልም "ዓ.ም. ነው ወይስ እ.ኤ.አ.?" ብለን እንጠይቃለን፤ ሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት አለበትና። ሁለት አቆጣጠር ይዘን የምንኖር ሕዝብ "ከየት ተነስቶ?" ብሎ መጠየቅ የዕለት ልማዳችን ነው። ጋራዥ ስንገባ፣ ቢሮ ስንገባ፣ ሪፖርት ስናነብ ነው የሚጠፋብን።

የሪፖርቱን ነገር በየሳምንቱ ስለምጽፈው አላሰለቻችሁም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። የሥራ ውጤት ሲበላሽ የእኛ የመጀመሪያ ጥገና ሰው መቀየር ነው። ኃላፊው ይነሳል፣ ሌላ ይሾማል፣ ፎቶ ይነሳል። አዲሱ ኃላፊ ያው ፑሌጃ ላይ ያለውን ያው ምልክት ያነባል፤ በታማኝነት 30 ላይ ያስራል፤ እሱም በተራው ቆላ ይወርዳል። ወዳጄ በልጁ ቦታ ሌላ መካኒክ ቀጥሮ ነበር። ጋሼ ባይመጡ ኖሮ አዲሱ መካኒክ አዲስ ፒስተን ገጥሞ፣ በዚያው መብራት፣ በዚያው ምልክት፣ በዚያው 30 ያስር ነበር። ምናልባት ፈርቶ 28 ያደርገው ይሆናል። እውነተኛው ያኔም 35.5 ነው። ከዚያ እሱም "ሰነፍ" ይባል ነበር።

በኮምፒውተር የሚሠሩ ዘመናዊ የውድድር ሞተሮች ከዚህ ነፃ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደሉም። እዚያ ፑንቲና የለም፤ በክራንክሻፍቱ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ አለ፣ አንድ ወይም ሁለት ጥርሱ ሆነ ተብሎ ጎድሏል፣ ሴንሰሩ የጎደለውን ቦታ አይቶ "ፒስተኑ እዚህ ነው" ይላል። ከጎደለው ጥርስ እስከ ላይኛው ጫፍ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ሰው ነው። ያ ቁጥር በ7 ዲግሪ ከተሳሳተ በላፕቶፑ ላይ የሚታየው ግራፍ ሁሉ በ7 ዲግሪ የተሳሳተ ነው፤ በሚያምር ቀለም። ጠንቃቃ ባለሙያ ታይሚንጉን በሶፍትዌሩ አንድ ቁጥር ላይ ቆልፎ፣ ወርዶ በመብራት ፑሌጃው ላይ ያመሳክራል። ፑሌጃውንም አስቀድሞ በብሎን ያመሳክራል። በብዙ መኪኖች ላይ የፑሌጃው ውጫዊ ቀለበት ከውስጠኛው ጋር የሚያያዘው በጎማ ነው፤ ጎማው ሲያረጅ ቀለበቱ ምልክቱን እንደያዘ ይሸራተታል። ትናንት እውነት የነበረው ምልክት ዛሬ ውሸት ይሆናል፣ ማንም ሳይነካው።

ሞተሩ አሁን ታድሷል። አራቱም ፒስተን ተቀይሯል፤ የቀሩት ሦስቱም ጠርዛቸው መበላት ጀምሮ ነበርና። ፑሌጃው ላይ አሁን ሦስት የቀለም ምልክት አለ፤ ነጩ የላይኛው ጫፍ፣ ቢጫው 28፣ ቀዩ 32። አዲስ አበባ ስንሆን በቀዩ ይታሰራል፣ ቆላ ስንወርድ በቢጫው። ምን ምን እንደሆነ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ተጽፏል፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው መገመት የለበትም። የዘይቱ ሙቀት ወደ 100 ተመልሷል። ሞተሪኖው አይታገልም፤ አዲሱ ባትሪ ያለ ሥራ ቁጭ ብሏል።

ጋሼ ሲወጡ ወዳጄ የድካማቸውን ሊከፍላቸው ኪሱ ገባ። "የኔን ተወው" አሉት፣ "የልጁን ስጠው።" ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም። በማግስቱ የያዘውን ደመወዝ ከነጭማሪው በባንክ ላከለት፤ ተመለስ ብሎም ደወለ። ገንዘቡ ደርሷል። ስልኩን ግን ልጁ እስካሁን አላነሳም፤ ሌላ ጋራዥ ገብቷል አሉ፣ ናፍጣ መኪና ብቻ የሚሠራ።